ሽምብራው ሲዘል

ጠላት የከተማዋን ካብ በመድፍ መናድ ቢያቅተው፣ ከሥሩ ቦርቡሮ ሊያፈርሰው ዶማ አንሥቷል። ነጋሪት መቺው ውበቱም ከበባው ከጀመረ ወዲህ ነጋሪት መትቶ አያውቅም። ካቡ ሥር መሬት ላይ ያስቀምጠዋል፣ ቆዳው ላይ እፍኝ ሽምብራ ይበትናል፣ ቁጭ ብሎ ያፈጣል። ከታች ዶማ ባረፈ ቁጥር ሽምብራው ይዘላል። ያኔ ጠላትን ከመሬት ሥር ለመግጠም ከካቡ ውስጥ በተቆፈረው ጉድጓድ አፍ የተከመረውን ቋጥኝ የያዘው ግንድ ይመዘዛል፤ ቋጥኙ ይናዳል፣ ከታች ያለ ሁሉ እዚያው ይቀራል። «ሽምብራው ከዘለለ አትጠይቅ፣ ምዘዝ!» ብሎ ተረኛውን ልቅናውን ያስተማረው ራሱ ነው።

የውበቱ አንድ ልጅ ስንሻው ጠላትን ከመሬት ሥር ሊገጥም ወርዶ ነበር። በምሥራቁ ጉድጓድ ይወጣል ሲባል መንገድ ስቶ በምዕራቡ መጣ። ሽምብራው ዘለለ፤ ውበቱ ግንዱን አስመዘዘ። የአዘላለሉ ነገር ትዝ ያለው አቧራው ከሰከነ በኋላ ነው። ሁለት ረጋ ያለ፣ ሦስት ፈጠን ያለ። ስንሻው ከሕፃንነቱ ጀምሮ የቤታቸውን በር የሚያንኳኳበት፣ አባቱ ያስተማረው ምት ነበር። ዕድሜውን በጆሮው የኖረ ሰው የዚያን ቀን ዓይኑን አመነ። ወይ አለመታደል!

ስንሻው ከተቀበረ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መድፉ ዝም ብሎ ነፋስም ሳይኖር አንዲት ሽምብራ ብቻዋን ዘለለች። ሁለት ረጋ፣ ሦስት ፈጠን። ውበቱ ጆሮውን ቆዳው ላይ ጣለ፤ ከነጋሪቱ ሆድ እርጥብ አፈርና የከረመ ሥጋ ሸተተው። ሽታውን እንዳልሸተተው ሆነ።

«ጌታዬ፣ ልጄ አለ! ጉድጓዱን ያስከፍቱልኝ» አለ በጦር አዛዡ በፊታውራሪው እግር ላይ ወድቆ።

«ያለ ውሃ አሥራ ዘጠኝ ቀን? አያ ውበቱ፣ እግዜር ያጽናህ። አይከፈትም።»

በማግስቱ ነጋሪቱን ለልቅናው አስረከበ።

«ወዴት ነው አያ ውበቱ?»

«ጎኔን ላሳርፍ» ብሎ፣ ልቅናው ዞር ሲልለት ቋጥኙ ገና ባልተናደበት፣ አጠገብ ባለው ጉድጓድ ሾልኮ ወረደ። ወደ ምዕራብ በሆዱ እየተሳበ፣ አፈሩን በጥፍሩ እየጫረ፣ ያ ምት እየቀረበ እየቀረበ ሲሄድ «መጣሁልህ፣ መጣሁልህ የኔ ልጅ» ይል ነበር። በጨለማው እጅ ዳሰሰ። በትንሿ ጣት ላይ ያለውን የስንሻውን የመዳብ ቀለበት አወቀው። እጁ በረዶ ነበር፣ ቆዳው ከአጥንቱ ላይ ይንሸራተታል። ምቱም ቆሟል። ውበቱ እጁን አቅፎ አፈሩ ላይ በአፉ ተደፍቶ አለቀሰ።

ከበላዩ የልቅናው ጩኸት ተሰማ፤ «ሽምብራው ዘለለ! ከሥራችን ናቸው!»

ውበቱ መጮህ ፈለገ፣ ጉሮሮው በአፈር ታፍኗል። በቡጢው ግድግዳውን መታ፤ ሁለት ረጋ አድርጎ፣ ሦስት ፈጠን አድርጎ፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። ላይ የሚጠይቅ የለም። ግንዱ ሲመዘዝ የእንጨቱን ሲጥታ ሰማና ቡጢውን አወረደ፤ ደረቱ ላይ ያቀፈው እጅ ግን ካቆመበት ቀጠለ፣ ሁለት ረጋ፣ ሦስት ፈጠን።