ንጹሕ ብር

ታላቁ ጦርነት ባበቃ በሦስተኛው ዓመት፣ ዝናቡ ሊያባራ ሲል፣ አዲሱ መንግሥት አዋጅ አስነገረ፤ የቀድሞ ነገሥታት መልክ ያለበት የብር ገንዘብ ሁሉ እስከ ወሩ መጨረሻ ለግምጃ ቤት ገብቶ እንዲቀልጥ፣ በምትኩም ወረቀት እንዲሰጥ፤ ከዚያ በኋላ ብር ይዞ የተገኘ እንዲቀጣ። ከአዋጁ ነጻ የሆነው ጥንታዊነቱ በአዋቂ የተመሰከረለት ገንዘብ ብቻ ነበር።

ከቆዳ ፋቂዎች መንገድ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ባላት ቤት፣ ከግምጃ ቤት በጡረታ የተሰናበቱ አንድ ጸሐፊ ይኖሩ ነበር። ጸሐፊው ዕድሜያቸውን ሙሉ አሮጌ ገንዘብ ሰብስበዋል፤ ለፍቅሩም ለትርፉም። «ወረቀት ይቃጠላል፣ ቤት ይፈርሳል፤ አሮጌ ገንዘብ ግን በተኛበት ይወልዳል» ይሉ ነበር። ጎረቤት ደግሞ የጸሐፊው ላም ሣር አትጠይቅ፣ ወተት አትሰጥ እያለ ይስቃል። ባለቤታቸው አልሳቀችም፤ የሠርጓን አምባር በአንዲት የጠቆረች ብር የለወጡባት ጊዜ እንኳ ዝም ብላለች። ገንዘቡ ስለሚቀመጥበት ሣጥን ከባሏ የሰማችው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ «አትንኪ»።

አሁን የጸሐፊው ዓይኖች በሞራ ተጋርደዋል። ሐኪሙ ሞራው የሚገፈፈው ባሕር ማዶ መሆኑን፣ በጋው ካለፈ ግን ብርሃናቸው እንደማይመለስ ነግሯቸዋል፤ ስለዚህ ገንዘቦቻቸውን የሚያዩበትን ዓይን ለማትረፍ ገንዘቦቹን ለመሸጥ ቆረጡ። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሐኪም ቤት ሲሄዱ ቁልፉን ለመጀመሪያ ጊዜ ለባለቤታቸው ሰጥተው፣ ሣጥኑን ከአልጋው ሥር አውጥታ ጠረጴዛ ላይ እንድታስቀምጠው አዘዟት።

ብዙም ሳይቆይ ደላላ የሆነው ወንድሟ መጣ።

«የጥንት ዕቃ ነጋዴው ከሰዓት በኋላ ይመጣል» አላት። «ንጹሕ ብር ከሆነ እንዳለ እወስደዋለሁ ብሏል። ጋሼ ሲመለሱ ንገሪያቸው።»

ነጋዴው ንጹሕ ያለው መዳብ ያልተቀላቀለበትን ነው። ሴትዮዋ ግን ሣጥኑን ከፍታ ስታይ የምድጃ ጥላሸት የመሰለ ክምር አየች፤ ይህን ለእንግዳ ማቅረብ ደግሞ የእሷ ነውር ነበር። ሎሚ ጨመቀች፣ አመድ ነፋች፣ ጓሮ ወጥታም ተቀመጠች።

ከሁሉ የጠቆረችው ያቺ የአምባሯ ለውጥ ነበረች፤ የቀድሞዎቹን ነገሥታት ሥርወ መንግሥት በመሠረተው ንጉሥ ዘመን የተመታች፣ ጸሐፊው አምሳያ የላትም የሚሏት። ሎሚው ጥቁረቱን ሲያነሣላት የንጉሡ ፊት ወጣ። ገና ጢም ያላቀመቀመ ልጅ ነበር፤ ዘውዱ ሰፍቶት እስከ ጆሮው ወርዷል። ሴትዮዋ ወደ ፀሐይ አዙራ ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ባሏ ለምን ይህን ያህል እንደሚወዷት ያን ጊዜ የገባት መሰላት። ደስ ስላላት ይበልጥ እንዲያበራ ደቃቅ አሸዋ ጨመረችበትና አሸችው። ሌሎቹንም እንዲሁ።

ከሰዓት በኋላ ነጋዴው አጉሊ መነጽሩን አውጥቶ አንዷን አነሣ፤ አስቀመጠ፤ ሌላ አነሣ። ጸሐፊው ከወንበራቸው ሆነው የእያንዳንዷን ታሪክ በኩራት ይተርካሉ። ነጋዴው አላቋረጣቸውም፤ መነጽሩን ግን ወደ ኪሱ መለሰ።

«ማነው ያጠባቸው?»

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤታቸው፣ ምስጋና እንደሚጠብቅ ሰው ቀና ብላ።

«የኔ እመቤት፣ መቶ ዓመት የለበሱትን ቆዳ ገፈፉት እኮ። መልክም የለ፣ ጽሕፈትም የለ። ከእንግዲህ ይሄ ብር ብቻ ነው፤ ብር ብቻውን ደግሞ አዋጁ አያስነካኝም።»

ጸሐፊው እጃቸውን ዘርግተው አንዷን ፈልገው አነሡ፤ በአውራ ጣታቸው ዳበሷት፤ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ። ሎሚ ሎሚ ሸተተቻቸው።

ነጋዴውና ደላላው ወጥተው በሩ ሲዘጋ ጸሐፊው ወደ ባለቤታቸው ዞሩ።

«አትንኪ ብዬሽ ነበር።»

«ብለውኛል። ለምን እንደማይነካ ግን አልነገሩኝም።»

«ምን ይገባሻል ብዬ ነዋ» አሉ ጸሐፊው፤ ይህንንም ያሉት በቁጣ አልነበረም፤ እውነቱ ስለሆነ ነው።

ወሩ ሳያልቅ እሷ ከረጢቱን ይዛ፣ እሳቸው ክንዷን ይዘው፣ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤታቸው ወረዱ። የተሰጣቸው ወረቀት ለመርከብ ቀርቶ ለወደቡ መንገድ አይበቃም ነበር። ሲመለሱ ጸሐፊው መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«ያቺን የመጀመሪያውን ንጉሥ ብር ... ከጥቁረቷ በታች ፊቱን አይተሽዋል? ምን ይመስል ነበር?»

ሴትዮዋ ባዶውን ከረጢት አጣጥፋ በብብቷ ያዘችው።

«አላስተዋልኩትም» አለች፤ ክንዳቸውንም ይዛ መራቻቸው።

የዚያ ሰሞን ጋዜጣ ሕዝቡ ብሩን በገዛ ፈቃዱና በደስታ እንዳስረከበ ጻፈ፤ የታሪክ መጻሕፍትም ቃሉን እንዳለ ወሰዱት። በኋላ የተነሡ ሊቃውንት የሥርወ መንግሥቱ መሥራች ሲነግሥ ጎልማሳ ነበር ወይስ ሕፃን በሚለው ተከራክረዋል፤ ክርክሩን የሚቆርጥ አንድም ገንዘብ አለመትረፉን ሲያስረዱም ጥፋቱን በጦርነቱ አሳበቡ። ንጉሡን ልጅ ሆኖ ያየችው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷን የጠየቃት ግን ባሏ ብቻ ነበር።