«ጉማን» ሳልለው

እኔ ጅን ነው፣ ዛር ነው፣ የሙት መንፈስ ነው ሲባል ቁጭ ብዬ የምሰማ ሴት አይደለሁም፣ ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ገበያው አጠገብ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ደንበኞቼ ልኬት ሊሰጡ መጥተው እንዲህ ያለ ወሬ ሲጀምሩ «ቀጥ ብለሽ ቁሚማ፣ ወገብሽን ልለካው» ብዬ ነበር የማስቆማቸው፣ እመኑኝ፣ ያን እሑድ የደረሰብኝን ሌላ ሰው ቢያወራልኝ ቀድሜ የምስቀው እኔ ነበርኩ። በራሴ ደረሰና ሳቁ ጠፋኝ፣ ምን ላድርግ።

ምንተስኖት የሚባል አንድ ልጅ አለኝ። አለኝ ነው የምለው፣ ማንም እንዲያርመኝ አልፈልግም። ዳዴ ሲል አባቱ ሞተ፣ በስፌት መኪናዬ አሳደግኩት፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ቴኳንዶ ቴኳንዶ እንዳለ ነው፣ ድስት ሲከድን በእርግጫ፣ በር ሲዘጋ በእርግጫ፣ «አንተ ልጅ እጅ አልተፈጠረልህም?» እያልኩ ስጮህ ነው የኖርኩት። ታዲያ ከሚሊኒየሙ ጥቂት ዓመት በኋላ የሰፈራችን ወጣቶች አንድ በአንድ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ መጥፋት ጀመሩ። አንዱ ደርሶ ለእናቱ ቤት አሠራላት ተባለ፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይያዛቸው! የኔውም ልጅ ስልክ ሲደወልለት ከግቢ እየወጣ ማውራት አመጣ፣ ምግብ ቀነሰ፣ እኔ ደግሞ ልጄን አውቀዋለሁ፣ አንድ ነገር ሲያስብ እህል አይበላም። ሊሄድብኝ ነው አልኩና ሌሊቱን ሳለቅስ አደርኩ።

ጠዋት ተነሥቼ «ስማ፣ ሰርቪሷን ክፍል ተከራዩ ለቋል፣ ለሌላ አላከራያትም፣ የቴኳንዶ ክፍል አደርግልሃለሁ፣ የሰፈሩን ልጆች አስተምርባት፣ እንጀራህ እዚሁ ከእናትህ ጓሮ ይሁን» አልኩት። አቅፎ አነሣኝና ግቢው ውስጥ አዞረኝ፣ ነጠላዬ ወደቀ፣ ጎረቤት ሁሉ ሳቀ።

ተጀመረ። የመሃሉን ግድግዳ አፈረስን፣ ወለሉን ሊሾ አስደረግን፣ ለመውደቂያው ግን ስፖንጅ የት ተገኝቶ? የሟቹ ባለቤቴ ወንድም ጳውሎስ ላንቴ በሚባል ገጠር ሙዝ ያለማል፣ ሲቸግረኝ ሁልጊዜ የምጠራው እሱን ነው፣ የደረቀ የሙዝ ቅጠል በጋሪ ጭኖ መጣና «እኛ በዚህ ላይ ተኝተን አይደል ያደግነው፣ የማን አጥንት ተሰበረ?» አለን። አፍ መፍቻው ጋሞኛ ስለሆነ ሲናደድ አማርኛው ላይ ሴትና ወንዱ ይደባለቅበታል፣ እኔንም «አንተ» ይለኛል፣ ለምጄዋለሁ። ቅጠሉን ሸራ ውስጥ ጠቅጥቀን ምንጣፍ አድርጌ በወስፌ ሰፋሁት፣ ስትረግጡት ኮሽ ይላል፣ እግራችሁን ስታነሡ ደግሞ ቀስ እያለ ይሞላል። የሚመታውን ኬሻ መጀመሪያ አሸዋ ሞላንበት፣ አሸዋው ወደ ታች ወርዶ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀው፣ ምንተስኖት አንዴ መትቶት እያነከሰ ሰነበተ፣ እኔም እሱም እስኪያመን ሳቅን፣ ከዚያ አናጢዎች ጋ ሄደን ሰጋቱራ አመጣን፣ በሰንሰለት ወራጁ ላይ ተንጠለጠለ።

ክፍሉ ሕግ ነበረው። ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ሲገቡም ሲወጡም እጅ ይነሣል፣ ከሁሉ በላይ ግን አስቆጣሪው «ጉማን» ካላለ ማንም አያቆምም፣ በኮሪያኖቹ ቋንቋ በቃ ማለት ነው አለኝ፣ ቢደክምህም፣ እንባህ ቢመጣም፣ ጉማን እስክትባል ትመታለህ። ቁጥሩን ለኔም አስተማረኝ፣ በክፍሉ መስኮት ትይዩ ልብስ እየሰፋሁ «ሃና! ዱል! ሴት!» እላለሁ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት መሆኑ ነው፣ እሱ ዱፍ፣ ዱፍ፣ ዱፍ ያደርጋል፣ አንዳንዴ ሆን ብዬ ጉማኑን አዘገይበታለሁ፣ «እማ፣ ገደልሽኝ!» ይላል። ወይኔ ልጄን፣ ያን ጊዜ ስቄ ነበር።

ለአንድ ክረምት እንዲህ ኖርን። ትንንሽ ልጆችም መምጣት ጀምረው ነበር፣ ቀረልኝ ብዬ ተመስገን ማለት ጀምሬ ነበር። አንድ ጠዋት እያስቆጠርኩት ደንበኛ በሩን አንኳኳች፣ ጨርቅ ልትሰጠኝ ነው፣ ተነሣሁ፣ ከውስጥ «እማ፣ ጉማን በይኝ እንጂ!» እያለ ይስቃል፣ «ቆይ መጣሁ» አልኩት። ሴትዮዋ ወሬኛ ናት፣ እስክሸኛት ቆየሁ፣ ስመለስ ክፍሉ ባዶ ነው፣ ኬሻው ገና ይወዛወዛል። ገበያ ወጥቶ ይሆናል አልኩ። በማግስቱ ከሞያሌ ደወለ፣ «እማ፣ አትፍሪ፣ ከልጆቹ ጋር ነኝ» አለኝና ስልኩ ተቋረጠ፣ ከዚያ ወዲያ ድምፁን አልሰማሁም።

ወራት አልፈው አብሮት የሄደ ልጅ ደወለልኝ፣ ጫካ ውስጥ ፖሊስ ሲያባርራቸው ተበታተኑ፣ «እሱ ደክሞት ነበር እማዬ፣ ወደ ኋላ ቀረ» ብሎ አለቀሰ። በቃ፣ ሌላ የሚያውቀው የለም። የዕድሩ ሰዎች ግን ይቺን ይዘው አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በሬ ላይ ቆሙ፣ መርዶ መሆኑ ገባኝ፣ ጳውሎስም ከመሃላቸው አለ። «ሬሳውን ያያችሁ እጃችሁን አውጡ!» አልኳቸው። ማንም አላወጣም። «እንግዲያው ድንኳናችሁን ይዛችሁ ሂዱልኝ» ብዬ በሩን ዘጋሁባቸው፣ ክፍሉን ቆለፍኩ፣ ቁልፉን በክር አስሬ አንገቴ ላይ አደረግኩ። ቸርች መሄዱንም ተውኩ፣ ሴቶቹ ባዩኝ ቁጥር «እግዚአብሔር ያጽናሽ» ይሉኛል፣ ማን ሞተብኝ?

እንግዲህ ያቺ እሑድ። ጸሐይዋ አናት ትበሳለች፣ ጎረቤቱ ሁሉ ቸርች ሄዷል፣ ባጃጅ እንኳን አያልፍም፣ እኔ በመስኮቱ ትይዩ ዩኒፎርም እዘመዝማለሁ። ኮሽ አለ። አይጥ ናት፣ ቅጠሉ ውስጥ ወልዳ ይሆናል አልኩ። ቆየና እንደገና ኮሽ፣ ኮሽ፣ ታዲያ አይጥ እንዲህ ትከብዳለች እንዴ? ፔዳሉን አቁሜ ጆሮዬን ጣልኩ፣ ሰንሰለቱ ሲጥ ይላል፣ ከዚያ ዱፍ። እናንተዬ፣ ያቺን ዱፍ እኔ ከሺህ ዱፍ መሃል እለያታለሁ። ብድግ አልኩ፣ የፈራሁ እንዳይመስላችሁ፣ መጣልኝ ብዬ ነው፣ በጓሮ ዘሎ ገብቶ ሊያስደነግጠኝ ነው ብዬ ነው፣ ጫማዬ አንዱ ወልቆ ሮጥኩ።

ቁልፉ እንደተቆለፈ ነው፣ መስኮቱ ከውስጥ እንደተቀረቀረ ነው። በሩን ከፈትኩት። ማንም የለም፣ ኬሻው ግን ይወዛወዛል፣ ንፋስ እንኳ የለም፣ ምንጣፉ ላይ ከኬሻው ፊት ለፊት ሁለት የእግር ጎድጓዳ አለ፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ እሱ እንደሚቆመው። ይሞላሉ ብዬ ጠበቅኩ፣ አልሞሉም። ተንበርክኬ እጄን አንዱ ውስጥ አስገባሁ፣ በሞቴ እላችኋለሁ፣ ይሞቃል፣ ላብም አለው፣ መዳፌ ረጠበ።

ኬሻው ቀስ እያለ ቆመ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር ዝም አለ። ዝምታውን አወቅኩት፣ ቁጥር ሲጠብቅ እንዲህ ነበር የሚቆመው። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ሃና» አልኩ። ዱፍ አለ፣ ሰንሰለቱ ተንቋቋ። «ዱል።» ዱፍ። ሳለቅስም ስስቅም ነበር፣ «ምንቴ፣ አንተ ነህ? የት ነህ ልጄ?» እላለሁ፣ ግን ቁጥር ስጠራ ብቻ ነው የሚመታው። አሥር ሞላ፣ ደግሜ ከአንድ ጀመርኩ። ታዲያ ምቱ እየላላ መጣ። መጀመሪያ ኬሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው፣ በኋላ ነካ ብቻ፣ ከቁጥሩም እየዘገየ፣ ከጆሮዬ አጠገብ ደግሞ ትንፋሽ ሰማሁ፣ ሩቅ መንገድ የሮጠ ሰው ትንፋሽ። ደክሞታል። ጉማን ልለው አፌን ከፈትኩ፣ ከንፈሬ ቃሉን ያዘ፣ ከዚያ ግን ምን አልኩ መሰላችሁ? «ሃና» አልኩ፣ እንደገና ከአንድ።

ከቸርች የተመለሱት ጎረቤቶች ድምፄ ተዘግቶ፣ ኬሻውን ተደግፌ አገኙኝ። ኬሻው ቆሞ ነበር። እነሱ ምንም አልሰሙም፣ እየደጋገምኩ ስቆጥር ብቻ ነው የሰሙት፣ አሁን ሰፈሩ ውስጥ ምን እየተባልኩ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ይበሉ።

ለጳውሎስ ብቻ ነገርኩት። ሙዝ ይዞልኝ መጥቶ ነበር፣ አልሳቀብኝም፣ ክፍሉ ገብቶ ጎድጓዳዎቹን ዳሰሰ፣ ዛሬም ድረስ አልሞሉም፣ «ቅጠሉ በስብሶ ይሆናል» አለ፣ ግን ዓይኔን አላየኝም። ከዚያ በሩ ላይ ቆሞ ተናደደብኝ፣ «አንተ ሴትዮ፣ ልጁ ደክሞታል አላልክም? አሳርፈው እንጂ!»

እውነቱን ነው። እናት አይደለሁ? የደከመ ልጄን ማሳረፍ ጠፍቶኝ ነው? ግን ጉማን ካልኩት እጅ ይነሣል፣ ጫማውን ያደርጋል፣ ይወጣል፣ የክፍሉ ሕግ ነው። ከዚያ ወዴት ነው የሚሄደው? ማነው የሚነግረኝ?

ከዚያ እሑድ ወዲህ ምንም ሰምቼ አላውቅም። አንዳንድ ቀን ሥራ ሲቀዘቅዝ ከፍቼ እገባለሁ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ ከጎድጓዳዎቹ አጠገብ ቆሜ አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ መልሼ ቆልፌ ወደ ስፌቴ እሄዳለሁ። እስከ ዛሬ አላልኩትም።