ዝም አይነቅዝም

አቶ ገብረየስ የሞቱት ከተማው ሁሉ ሚሊኒየሙን በሚጠብቅበት ዓመት፣ በሁዳዴ እኩሌታ፣ አዋሳ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታቸው፣ ጤፍ በሚቀመጥባት ክፍል ውስጥ ነው። ጎረቤት ነፍሳቸው ያልወጣች መስሎት በብርድ ልብስ ጠቅልሎ፣ ባጃጅ ላይ አስደግፎ ሆስፒታል አደረሳቸው። ሐኪሙ አንዴ አያቸውና ራሱን ነቀነቀ። ይሁን እንጂ አሟሟታቸው ስላላማረው፣ ለመቅበር እንዳይቸኩሉ ለጎረቤቶቹ ነገራቸው።

ስልኩ ለአስካለ የደረሳት የመጀመሪያዋን ጉርሻ ወደ አፏ ልታደርስ ስትል ነበር። አስካለ የዕድሜዋን ግማሽ በፖሊስ ምርመራ የፈጀች፣ አሁን ደግሞ ለአንድ የግል መድን ድርጅት አጠራጣሪ ሞቶችን የምታጣራ ሴት ናት። አፏ ተረበኛ ነው፤ ዓይኗ ግን ቀልድ አያውቅም።

«የሕይወት መድን ከገቡ ገና ዓመት አልሞላቸውም» አላት የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ። «ካሳውን የሚቀበለው ደግሞ የራሳችን ወኪል ነው። ኪሩቤል።»

«የእኛው ኪሩቤል? በረኪናው?»

«እሱው። የሟች የእህት ልጅ ነው። ያሳደጉት ሟችና ሚስታቸው ናቸው።»

በረኪናው ያሉት ያለ ነገር አልነበረም። ኪሩቤል መድን ለመሸጥ ከቤት ቤት ሲዞር ትልቅ ቦርሳ ይዞ ነው። ቦርሳውን ይከፍትና በረኪናውን፣ ነጭ ጋዙን፣ የዝንብ ፍሊቱን፣ የነቀዝ ክኒኑን አንድ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። «እናቶቼ፣ ይህ ሁሉ በየጓዳችሁ አለ» ይላል። «በረኪናውን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር ትቀላቅላላችሁ፤ በተዘጋ ክፍል ጋዝ ታነዳላችሁ፤ ሳንባ ሲያልቅ ደግሞ አይናገርም። ራሳችሁን ጠብቁ፤ ለማይጠበቀው መድን ግቡ።» ሰው ይስቅበታል፣ ግን ይፈርምለታል። ክፋቱ፣ የሚናገረው ሁሉ እውነት ነበር።

አስካለ ስትደርስ ድንኳኑ ገና እየተተከለ ነው። ባለቤታቸው ወይዘሮ እታፈራሁ ጥቁር ለብሰው፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጠው፣ ግድግዳውን ያያሉ። እሳቸውን አልነካቻቸውም። ቀጥ ብላ ወደ ጤፏ ክፍል ሄደች።

ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አንድ በር፣ አንድ ትንሽ መስኮት። በግድግዳው ዙሪያ የጤፍ ጆንያ ተደርድሯል፤ ሌላ እህል የለም። በመሐል የሽቦ አልጋ አለ። አቶ ገብረየስ ሁዳዴ በገባ ቁጥር ከሚስታቸው አልጋ ተለይተው እዚህ ነው የሚያድሩት። ይህን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ደጋግ ባልና ሚስት በጾም እንዲህ ነው የሚኖሩት። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

«እትዬ አስካለ» አለ ከኋላዋ ድምፅ። ኪሩቤል ነው። ዓይኑ አብጧል፣ ክራቫቱ ግን አልተጣመመም። «እርስዎን ላኩብኝ?»

«እኔን ላኩልህ በል። ነፍስ ይማር ልጄ። ምን ነካቸው?»

«ሳል ነው። ስንት ዘመን በርበሬ ሲያስፈጩ ሳንባቸው አለቀ። አፍንጫቸውማ ከሞተ ቆየ፤ ሽንኩርት እጃቸው ላይ ቢያርር አይሸታቸውም ነበር።»

«አንተ የት አደርክ?»

«ሻሸመኔ። ማታ እዚህ መጥቼ ተሰናብቻቸው ነው የሄድኩት። ረፋድ ላይ ተደውሎልኝ ስመጣ አስከሬናቸው ሆስፒታል ሄዷል።»

«እዚህ ክፍል ገብተህ ነበር?»

«አሁን ከእርስዎ ጋር መግባቴ ነው።» ዙሪያውን ቃኘና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሽታውን ደግሞ ሰው ሌላ ነገር እንዳያስመስለው። ተከራያችን ደረሰ ዓሣ ይጠብሳል። ጭሱ በዚህ መስኮት ነው የሚገባው።»

አስካለ አየሩን በአፍንጫዋ ሳበች። ከጤፍ አቧራ በቀር ምንም አልሸተታትም። «እሺ» አለች ብቻ፣ መስኮቱን ደግማ እያየች።

አጥሩ ማዶ ያሉት ወይዘሮ ገበያነሽ ለመጠየቅ አላስቸገሩም፤ ይልቁንም ለማቆም አስቸገሩ። «እታፈራሁ በሌሊት ኪዳን ሄደች» አሉ። «ተመልሳ ስትገባ የበሩን ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የመስኮቱን። እኔ እሳት አያይዤ፣ ሻይ ጥጄ፣ ሻዩ ከፈላ በኋላ ነው ጩኸቷ የመጣው። ሰው ባሏ ሞቶ ሲያገኝ መጀመሪያ መስኮት ይከፍታል?»

«እርስዎስ ሲሮጡ ሲገቡ ምን ሸተተዎት?»

«ምንም። ምን ሊሸተኝ?»

አብረው የገቡትም ሁሉ ይህንኑ አሉ። በማግሥቱ ሐኪሙ ቃሉን ሰጠ፤ አቶ ገብረየስን የገደላቸው ሳል ሳይሆን የነቀዝ ክኒን የሚያወጣው ጋዝ ነው። ቀብሩ ተፈጸመ፤ ከቀብር መልስ ደግሞ ኢንስፔክተር አልአዛር ደረሰን ከግቢው ይዞት ሄደ።

«ደረሰ የሚሠራው የእርሻ መድኃኒት መደብር ውስጥ ነው» አለ አልአዛር። አስካለ ያስተማረችው ልጅ ስለሆነ ፊቷ ሲናገር አሁንም ቆሞ ነው። «ክኒኑ በእጁ ነው። አቶ ገብረየስ ደግሞ ክረምት ሳይገባ ቤቱን ልቀቅ ብለውታል።»

«ቤት ልቀቅ የተባለ ሁሉ ቢገድል አዋሳ ውስጥ አከራይ አይተርፍም ነበር።»

«እርስዎ ሌላ ሰው አለዎት?»

«ሽታ አለኝ» አለችው።

የደረሰ ሚስት ካሰች በሯ ላይ ቁጭ ብላለች። ወሯ ገብቷል፤ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ ይዛዋለች። አስካለን ስታይ ለመነሳት ሞከረች።

«ተቀመጭ ልጄ። አቶ ገብረየስ በሞቱበት ሌሊት ዓሣ ጠብሳችኋል?»

«በሁዳዴ?» ካሰች ደነገጠች። «ኧረ እትዬ! በሌላው ጾም እንኳ ዓሣ የሚበላ አለ፤ ጋሼ ግን በሁዳዴ ስሙ ሲጠራም አይወዱም። እኛ ጴንጤ ብንሆንም ነውር እናውቃለን። ሲያምረን ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ወርደን በልተን፣ እጃችንን በሎሚ ታጥበን ነው ግቢ የምንገባው።»

«ደረሰ ያንን ክኒን ለሰው ሰጥቶ ያውቃል?»

ካሰች ወደ መሬት አየች።

«ዝም በይ እሺ። ልጁ ሲወለድ አባቱን እስር ቤት ወስደሽ ታሳይዋለሽ።»

ልጅቷ አለቀሰች። ደረሰ ለኪሩቤል ለማሳያ ብሎ በቆርቆሮው ትንሽ ሰጥቶት ነበር። እንዲህ መስጠት ክልክል ስለሆነ፣ ከሥራ እንዳይባረር ሲል ለፖሊስ አልተናገረም። «ለእሱ ስል አፌን ዘጋሁ» አለች። «አሁን ቢባረርም ይባረር። በሕይወቱ ይግባልኝ።»

አስካለ ከዚያ ወደ ወይዘሮ እታፈራሁ ገባች። ሰው ሁሉ እንዲወጣ አደረገችና ጫማዋን አውልቃ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ መስኮቱን ለምን ከፈቱት?»

ወይዘሮ እታፈራሁ ግድግዳውን ማየታቸውን ቀጠሉ።

«ፖሊስ ሌላ ነገር ማሰቡ አይቀርም።»

«ያስብ» አሉ። «እናቴ ዝም አይነቅዝም ትል ነበር።»

«ደረሰ ታስሯል እኮ። ሚስቱ ዛሬ ነገ ናት።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሰበሰቡ። የተናገሩት እንደ ንስሐ ነበር። «በሩን ስገፋው ዓሣ ሸተተኝ። የከረመ ዓሣ። በሁዳዴ! ገብሬ ተደብቆ ጾሙን ገደፈ ብዬ አመንኩ። ሰው ገብቶ ቢሸተውስ? ካህናቱ ሰምተው ፍትሐት ቢነፍጉትስ? መስኮቱን ከፈትኩ። ባሌ ሞቶ ተጋድሞ ሽታው እስኪወጣ ቆሜ ጠበቅኩ። ስጨርስ ነው የጮህኩት። ሴት ልጅ እንዲህ ታደርጋለች?»

አስካለ ያኔውኑ አንድ ነገር ልትነግራቸው ፈልጋ ነበር። ግን ምላሷን ነከሰች። «ይህን ለማን ነገሩ?» አለች።

«ለማንም።»

«ነገ ሣልስቱ እስኪያልፍ እንዲሁ ይቆዩልኝ።»

በሣልስቱ ከሰዓት፣ ለቅሶ ደራሹ ሲበተን፣ አስካለ የቀሩትን ሳሎን ሰበሰበቻቸው። ወይዘሮ እታፈራሁ ፍራሻቸው ላይ ናቸው። ኪሩቤል ከጎናቸው ሆኖ ትከሻቸውን ይዟል። ወይዘሮ ገበያነሽ ከሁሉ ቀድመው ቦታ ይዘዋል። ካሰች በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። አልአዛር ደረሰን በካቴና ይዞት ገባና ከፊቷ አቆመው፤ ባልና ሚስቱ ተያይተው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ከጤፉ እንጀምር» አለች አስካለ። «ጤፍ አይነቅዝም። ይህን የማያውቅ የለም። ጤፍ ብቻ ባለበት ክፍል የነቀዝ ክኒን ቢገኝ፣ በስህተት ነው የሚል ሰው አይኖርም። ስለዚህ ገዳዩ የክኒኑን ቆርቆሮ ማታ ከፍቶ አልጋው ሥር አስገብቶ በዚያው መተው አይችልም፤ ተመልሶ ማውጣት አለበት። የተመለሰው እትዬ ኪዳን በሄዱበት ሰዓት ነው።»

«እኔ ሌሊቱን ከሚስቴ ጋር ነበርኩ» አለ ደረሰ።

«ቆይ አንተ። የነቀዝ ክኒን ጋዙ ይሸታል፤ የከረመ ዓሣ ይመስላል። አቶ ገብረየስ ግን አፍንጫቸውን በርበሬ ስለገደለው ምንም አልሸተታቸውም። ሽታው ያደረው ከእሳቸው ጋር ነው። ጠዋት እትዬ በሩን ሲከፍቱ ሸተታቸው። ዓሣ መስሏቸው፣ የባላቸውን ስም ለመጠበቅ ሲሉ መስኮቱን ከፍተው አስወጡት። ጎረቤት ሲገባ ምንም አልነበረም። አይደለም እትዬ ገበያነሽ?»

«ምንም» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ቃል።

«እንግዲህ ያንን ሽታ የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ እትዬ ናቸው። ሌላው መስኮቱ ሳይከፈት በፊት ገብቶ የወጣው ነው።» አስካለ ወደ ኪሩቤል ዞረች። «ልጄ፣ የዓሣውን ሽታ ማን ነገረህ?»

የኪሩቤል እጅ ከአክስቱ ትከሻ ወረደ። «እማማ ናቸው» አለ። «እማማ ነግረውኝ ነው።»

ወይዘሮ እታፈራሁ ቀስ ብለው ዞሩና አዩት። «እኔ ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም» አሉ።

«ደግሞ አንድ ነገር» አለች አስካለ። «እትዬ ገበያነሽ፣ ይህ ልጅ ቤትዎ መጥቶ ስለ ነቀዝ ክኒን ምን ብሎ ነበር ያስተማረዎት?»

«እንደ ዓሣ ከሸተታችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሩጡ» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ። አሉና ሻሻቸውን በእጃቸው ያዙ።

«ለሰፈሩ ሁሉ ሩጡ ያልክ ሰው፣ ያሳደጉህ አጎትህ በሞቱበት ክፍል ግን ደረሰ ዓሣ ጠብሶ ነው አልከኝ። ሻሸመኔ አላደርክም፤ ሁሉም የሸተተው መስሎህ ቀድመህ ልታስተባብል ነበር። ባትናገር ኖሮ እኔም ባልጠረጠርኩህ ነበር። አልአዛር፣ ቦርሳውን።»

አልአዛር ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ከፈተው። በረኪናው አለ፤ ነጭ ጋዙ አለ፤ ፍሊቱ አለ። እያንዳንዱ በተሰፋለት ኪስ ውስጥ ነው። የነቀዝ ክኒኑ ኪስ ብቻ ባዶ ነበር።

«ደረሰ የሰጠህ ቆርቆሮ የት ሄደ?» አለች አስካለ።

ኪሩቤል ባዶውን ኪስ አየ። «የሰው ሁሉ ዋስትና እኔ ነኝ» አለ። «የእኔ ማን ነው? ሳንባቸው አልቆ ነበር እኮ። ከዚያስ ስንት ዓመት ሊኖሩ?»

«ቢኖር ምን ጎደለብህ?» አሉ ወይዘሮ እታፈራሁ። «ጀርባው የጎበጠው ማንን አዝሎ ነው... አንተን አዝሎ ነው።» ድምፃቸው ከፍ አላለም። ኪሩቤል አንገቱን ደፋ። አልአዛር ካቴናውን ከደረሰ እጅ ፈትቶ ለኪሩቤል አደረገለት።

ሲያስወጡት ማንም አልተከተለውም። ወይዘሮ እታፈራሁ ግን የአስካለን ቀሚስ ጫፍ ያዙ።

«ዓሣ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም እትዬ።»

«ገብሬ ጾሙን አልገደፈም?»

«አልገደፉም። እንደ ጾሙ ነው የሞቱት።»

ያኔ ወይዘሮ እታፈራሁ ጮሁ። መስኮቱን ከፍተው ሲጠብቁ ያፈኑት፣ ከሦስት ቀን ወዲህ ሆዳቸው ውስጥ ያደረ ጩኸት ነበር። ወይዘሮ ገበያነሽ አቀፏቸው፤ አልቅሰው እስኪወጣላቸው ማንም አላባበላቸውም።

ጋብ ሲልላቸው ደረሰን በእጃቸው ጠሩት። መጥቶ ከፊታቸው በርከክ አለ። «ልጄ» አሉት፣ «መጀመሪያ ተናግሬ ቢሆን አንተ አትታሰርም ነበር።»

«እኛም ዝም ብለናል እማማ» አለ ደረሰ። «ቆርቆሮውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።» ካሰች ከበሩ ተነስታ መጥታ፣ ሆዷን ደግፋ ከጎኑ ተቀመጠች።

አስካለ ጫማዋን አጠለቀች። ወይዘሮ እታፈራሁ ቀና ብለው አዩዋት።

«እናቴ ዝም አይነቅዝም ትል ነበር» አሉ።

«የማይነቅዘው ጤፍ ነው፣ እትዬ» አለች አስካለ፣ በሩን ለነፋሱ ክፍት ትታ እየወጣች።