የጡረተኛው ሾፌር ጓሮ

ሬሳው ጓሮው መሀል፣ ጠጠሩ ላይ በጀርባው ተንጋሏል። አጠገቡ የእጅ ጋሪ ተገልብጧል። ሟቹ ዕድሜውን በከተማ አውቶቡስ መሪ ላይ ጨርሶ በቅርቡ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነበር።

«ያው አዳልጦት ነው» አለ በር ላይ የቆመው ፖሊስ።

መርማሪዋ አልፋው ወደ ሬሳው ሄደች። ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል፤ ሳትበሳ አትመለስም ለማለት ነው። ዛሬ ግን ያገኘችው ሁሉ «አዳልጦት ነው» እያለ ትዕግሥቷን አሟጦታል።

ጎንበስ ብላ ጫማውን አየች። ተረከዙ ከኋላ በኩል ተፍቋል፤ ስፌቱ ውስጥ እርጥብ አፈር ገብቷል። ከጠጠሩ ሥር ደግሞ አረም እንዳይበቅል ሸራ ተነጥፏል። አፈር ያለው ዳር ላይ፣ ችግኞቹ በተደረደሩበት ብቻ ነው።

ሚስቱን ወጥ ቤት አገኘቻት።

«ጓሮውን ምን ሊያደርገው ነበር?»

«መቀመጫ። ዕድሜዬን ሙሉ ሰው ከጀርባዬ እየተቀመጠ ኖርኩ፤ አሁን ማንም የማያየኝ ቦታ እፈልጋለሁ አለ። ሣር አጨዳ አለው ብሎ ጠጠር አፈሰሰ። ይኸው፣ የማያለፋ ጓሮ እያለ ወገባችንን ቆረጠው።»

«ወገባችንን?»

«እኔ ነኛ የማግዘው። የመጀመሪያዎቹን ችግኞች ከነላስቲካቸው ቀብረን ደረቁብን። ጎረቤታችን ስቃብን ስታበቃ አስተማረችን። ከዚያ ወዲህ ላስቲኩን የምቀደው እኔ ነኝ።» የሽርጧን ኪስ ነካች፤ የመቀስ እጀታ ብቅ ብሏል። «ዛሬ ጠዋት ግን ገበያ ነበርኩ።»

ጎረቤቲቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ መስኮቷ ከላይ ወደ ጓሮው ነው የዞረው።

«ሸንበቆ አጥሮ መስኮቴን ደፈነብኝ» አለች ክር እየበጠሰች። «ሰላይ አደረገኝ። ቢሆንም ችግኙን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ተኮራርፈንም ችግኝ እንቀባበል ነበር።»

«ዛሬ ምን አዩ?»

«ሸንበቆ።»

የሟቹ ታናሽ ወንድም አናጢ ነው፤ እዚያው ግቢ፣ ፊት ለፊት ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል።

«እኔ የማውቀው እንጨት ነው፣ እመቤቴ። ችግኝ ምኑም አይገባኝም። ጓሮውን ከጀመረው ወዲህ እግሬም አልረገጠው።»

ወስፌ ተበሳጭታ ወደ ጓሮ ተመለሰች። ሦስቱንም ያስቀየማቸው ይህ ጓሮ ነው፤ ሦስቱም ምንም አላዩም። በችግኞቹ ሰልፍ ዳር ቁጢጥ እያለች እየተነሳች ግርጌያቸውን በጣቷ ዳሰሰች። የመጨረሻዋ ዘንድ ስትደርስ ጣቷ ላስቲክ ነካ። ጥቂት ቆፍራ ያየችውን አየች፤ ከዚያም መልሳ አለበሰችው።

ሁሉንም አስጠራች። አንድ ገና ያልተተከለ ችግኝ አንስታ ለአናጢው ሰጠችው።

«እባክዎ ይህችን ይትከሉልኝ።»

«አላውቅም አልኩዎት እኮ።»

«እንደመሰለዎት።»

አናጢው ዳሩ ላይ ጉድጓድ ምሶ ችግኟን አስቀመጠና አፈሩን መለሰባት።

«ኧረ ላስቲኩ» አለች ልብስ ሰፊዋ ሳታስበው። የሚስቲቱ እጅ መቀሱን ከኪሷ አውጥቶ ነበር።

«ሰውየው እዚህ ጠጠር ላይ አልሞተም» አለች ወስፌ። «በጫማው ስፌት የገባው አፈር ከዚህ ከዳሩ ነው፤ ተረከዙ የተፋቀው ሲጎተት ነው። ጋሪው የተገለበጠው ያዳለጠው እንዲመስል ነው። ጭንቅላቱ ያረፈበት ድንጋይ ከመጨረሻዋ ችግኝ ሥር ከነደሙ ተቀብሯል። ያቺ ችግኝ ደግሞ ከነላስቲኳ ናት። ሟቹም፣ ባለቤቱም፣ ጎረቤቱም ቢቸኩሉ እንኳ እጃቸው ላስቲኩን ሳይቀድ አይተክልም። እዚህ ቤት ይህን የማያውቅ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

አናጢው ጠጠሩ ላይ ተቀመጠ።

«ገፋሁት እንጂ ልገድለው አላሰብኩም» አለ። «አባታችን ጓሮው ያንተ ነው ብሎኝ ነበር። ወርክሾፕ ልሠራበት ስንት ዓመት አሰብኩ። እሱ ጠጠር አፈሰሰበት።»

ሚስቲቱ መቀሱን ወደ ኪሷ መለሰች።

«ብትጠይቀው እኮ አይከለክልህም ነበር።»

«ዛሬ ጠዋት ጠየቅኩት፣ እትዬ።»

«ምን አለህ?»

አናጢው አፈር የነካውን እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«መጀመሪያ ይህችን ችግኝ ያዝልኝ፣ ከዚያ እናወራለን አለኝ።»