የሠላሳ ዓመት ዝናብ

ፀዲ ደጉን ልብ ብላ ያየችው በ2003 ዓ.ም.፣ ቦንጋ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተሯ ስታክ ባደረገ ቀን ነው። ከኋላዋ ቆሞ ስክሪኑን ያነባል።

«ምን ታፈጣለህ?»

«ሜሞሪ አልበቃኝም ይላል። እኔ አይደለሁም ያልኩት!»

ሳታስበው ሳቀች።

ሥራዋ በካፋ በሺህ የሚቆጠሩ ቦታዎች ለሠላሳ ዓመት በየቀኑ ከጣለው ዝናብ የየቦታውን ከፍተኛ መጠን ማውጣት ነበር። መሐንዲሶች የድልድይ ከፍታ የሚወስኑት በዚያ ቁጥር ነው። ደጉ ደግሞ ከዋጫና ከደካ ከተሞች የሚመጣውን የዝናብ መዝገብ በእጁ የሚያጠናቅር ዝምተኛ ሰው ነው። ምሳ አብረው መብላት ጀመሩ። ጥር ላይ ደፈረ።

«ፀዲ... ለአባትሽ ሽማግሌ ልላክ?»

ደስታዋን ዋጠች። «መጀመሪያ ይሄ ሥራ ይለቅ። ሲያልቅ መልሴን እነግርሃለሁ።»

«እሺ፣ እጠብቃለሁ።»

ሥራው ግን አላልቅ አለ። ሠላሳውን ዓመት በአንዴ ትጭናለች፤ ኮምፒውተሩ ዘጠነኛው ላይ ይቆማል። አለቃዋ እትዬ አስካለማርያም በበሩ ብቅ ይላሉ። «ዛሬም ስታክ? ድልድዩ ቀርቶ ጀልባ ይግዙ ልበላቸው?»

አንድ ጠዋት ደጉ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ለምን ሁሉንም ትጭኛለሽ? አንዱን ዓመት ክፈቺ፣ የየቦታውን ትልቁን ያዢና ዓመቱን ዝጊው። ቀጣዩን ክፈቺ፣ የሚበልጥ ካለ ተኪ፣ ዝጊ። እኔ በእርሳስ እንደዚያ ነው የምሠራው፤ አንድ ወረቀት ይበቃኛል።»

«እኔ ዩኒቨርሲቲ የገባሁት እርሳስ ለመቅረጽ አይደለም!»

ቢሮው በሳቅ ሞላ። ደጉም ፈገግ ብሎ ወንበሩን መለሰ።

ሁለት ወር አለፈ። አንድ ቀን ቦርሳውን ይዞ አጠገቧ ቆመ።

«ደካ መሄዴ ነው። አይዞሽ፣ ያልቃል።»

የተለመደው የመስክ ሥራ መሰላት። ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል «ደህና ግባ» አለችው።

ከሳምንታት በኋላ፣ መሐንዲሶቹ ከሰጧት ጊዜ ሦስት ቀን ሲቀራት ጨነቃትና የደጉን መንገድ ሞከረች። ከምሳ በፊት አለቀ። ሠላሳውም!

«እትዬ፣ ደጉ መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ምን ይመለሳል? በዝውውር እኮ ነው የሄደው!»

በማግስቱ ደካ ነበረች። ከቢሮው ሲወጣ ሰላም እንኳ ሳትለው፣

«አለቀ» አለችው። «ባልከው መንገድ። መልሴ እሺ ነው።»

ደጉ ቀስ ብሎ መለሰ። «መንገዱን እያወቅሽ ሁለት ወር ስትተዪው፣ ሥራው እንዲያልቅ አትፈልግም አልኩ። አልፈልግህም ማለት ከብዷት ነው አልኩ።»

«እልኸኛ ሆኜ እንጂ! ባልፈልግህ ያኔውኑ እነግርህ ነበር!»

«አሁን ገባኝ...» መሬት መሬት አየ። «ባለፈው እሑድ እዚህ ወደ አንዲት ልጅ ቤት ሽማግሌ ልኬያለሁ፣ ፀዲ። እሺ ብለውኛል።»

የምትጮህበት ሰው ፈለገች። ከራሷ ሌላ አጣች።

«ማን ትባላለች?»

«ህይወት። አስተማሪ ናት።»

«እኔ እንደመጣሁ አትንገራት። ደስታዋን አታበላሽባት።»

መናኸሪያ ድረስ ሸኛት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሁለት ሰዓት ፈጀ፤ ደጉም መስኮቱ ሥር ቆሞ ጠበቀ። ሌላው ተሳፋሪ ሁሉ «እንሂድ እንጂ!» እያለ ሹፌሩ ላይ ሲጮህ፣ ፀዲ ብቻ ምንም አላለችም።