የጠጠረው ፍሪሲዮን

«ዛሬም እንደጠጠረ ነው» አለ ራምዚ፣ ግራ እግሩን ፍሪሲዮኑ ላይ አድርጎ እየተጫነ። ፔዳሉ ትንሽ ወረደና እምቢ አለ። ቀይዋ ባለ ሁለት በር አሮጌ ስፖርት መኪናው ካፊያው እንዳረጠባት ግቢው መሃል ቆማለች።

እህቱ ሰልሚያ በረንዳው ላይ ሆና ታየዋለች። ፍሪሲዮኑን ምን እንዳጠጠረው አሳምራ ታውቃለች፤ ግን አልተናገረችም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ማለት ይሄ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ራምዚ ለአረፋ ከአዲስ አበባ ቡታጅራ ሲገባ፣ ፍሪሲዮኑ በረገጠው ቁጥር ሲጥ ሲጥ ይል ነበር። ኮፈኑን ከፍቶ ከፔዳሉ ወደ ካምቢዮው የሚሄደውን ካቦ አሳያትና፣ ደርቋል፣ ግሪስ ይፈልጋል ብሏት ዘመድ ሊጠይቅ ወጣ። ሰልሚያ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ሲመለስ ልታስደስተው ፈለገች። ጋራዡ ሁሉ ዝግ ነው፤ መካኒኮቹ ለበዓል ወደየገጠራቸው ገብተዋል። ታዲያ በአረፋ ሰሞን ጉራጌ ቤት ግሪስ ቢጠፋ ቅቤ ይጠፋል? እናቷ ለክትፎው ካነጠረችው ትንሽ አቀለጠችና ካቦው ውስጥ አንቆረቆረችው። አቤት ሲለሰልስ! ራምዚ በራሱ የለቀቀ መስሎት እሷን ጎኑ አስቀምጦ ከተማውን አዞራት። እኔ ነኝ ያለሰለስኩት ልትለው አሰበችና አፈረች።

ማታ ብርዱ ቅቤውን አረጋው። ራምዚ በነጋታው ሊሄድ ሲነሳ ፔዳሉ ድንጋይ ሆኖ ጠበቀው፤ በግድ ቢረግጠው ካቦው ሊበጠስ ነው። ስለዚህ ቀረ። ቀኑን ሙሉ አብረው ዋሉ፤ የሒሳብ ጥያቄ አሠራት፣ ካርታ ተጫወቱ፣ ሲያሸንፋት ሳቀባት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም።

አረፋ ሲያልቅ ሰፈሩ ጭር ይላል። ከየከተማው የመጣው ሁሉ ወደየሥራው ይመለሳል። እናቷ ከድጄ ከማለዳ እስከ ምሽት ገበያ በርበሬ ስትሸጥ ትውላለች። ሰልሚያ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በሩን ራሷ ከፍታ፣ ምሳዋን ብቻዋን በልታ፣ ራዲዮ ትከፍታለች። ራዲዮው የሚለውን ለመስማት አይደለም፤ ቤቱ ውስጥ የሰው ድምፅ እንዲኖር ብላ ነው።

አሁንም ራምዚ የመኪናውን ምንጣፍ ገለጥ አደረገ፣ የፔዳሉን ማጠፊያ ነካካ፣ መልሶ ሸፈነው። ትናንትም ያደረገው ይሄንኑ ነው። የቸኮለ ሰው አይመስልም። ያኔ ስልኩ ጮኸ። አሠሪው ነው።

«እምቢ ብላኝ ነው ጋሼ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ሰውየው ብዙ ተናገረ። «ገባኝ። ዛሬ ካልመጣሁ ሌላ ሰው ይቀጥሩ፤ ምን አደርጋለሁ።»

ስልኩን ዘጋና መሪውን እንደያዘ ተቀመጠ። ሰልሚያ ሁሉንም ሰምታለች። በእሷ ቅቤ የወንድሟ እንጀራ ሊቀር ነው። ብትነግረው ደግሞ አሁኑኑ ይሄዳል፤ ከሰዓት ያ ራዲዮ ይጠብቃታል።

ወጥ ቤት ገብታ ውሃ ጣደች። ውሃው በቶሎ እንዳይፈላ የተመኘችው በሕይወቷ ያን ቀን ብቻ ነው። ፈላ። ማንቆርቆሪያውን ይዛ ወጣች፣ ኮፈኑን አስከፈተችውና ካቦው ላይ ከዳር እስከ ዳር አፈሰሰችበት።

«ቅቤ ነው» አለች ቀና ሳትል። «እኔ ነኝ የጨመርኩት። ትናንት ጠዋትም አውቅ ነበር።»

ራምዚ ገብቶ ፍሪሲዮኑን ረገጠ። ፔዳሉ እስከ ታች ወረደ።

«እኔም ትናንት ጠዋት ነቄ ብያለሁ» አለ። «ኮፈኑን ስከፍት የእማዬ ቅቤ ኮሰረት ሸተተኝ። እንዲህ የሚሸት መኪና የት አለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«አንቺስ?»

ሰልሚያ ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠች። እሱ ወደ መሪው ዞረ። «እዚያ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው ያለሁት፣ ሰልሚዬ። ማታ ስገባ መጣህ ወይ የሚለኝ የለም።»

ሰልሚያ እስከ ዛሬ እሱ ብቻውን የሚሆን አይመስላትም ነበር። አዲስ አበባን የሚያህል ከተማ ውስጥ እንዴት ሰው ብቻውን ይሆናል?

ቅቤው መልሶ ሳይረጋ መሄድ ነበረበት። ካቦውን እዚያ በናፍጣ እንደሚያጥበው ነገራትና ሞተሩን አስነሳ። እሷ በመስኮቱ ጎንበስ አለች።

«ለአረፋ ብቻ አትምጣ» አለችው።

ከዚያ ካፊያውን ሳትሸሽ ሄዳ የግቢውን በር ራሷ ከፈተችለት።