ዳዊትን ከከብቱ ጋር የጠራው ሰው

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ እኔ እንዲህ ያለ ወሬ የምወድ ሰው አይደለሁም፣ ጋኔን፣ ዛር፣ የውሃ መንፈስ የሚባለውን ነገር ልጅ ሆኜም አልፈራሁም፣ ላቦራቶሪ ውስጥ ስሠራ ደግሞ ጭራሽ ሳቅ ሆነብኝ፣ ምክንያቱም «ተለክፏል» ተብሎ በሰው ትከሻ የመጣው ሁሉ ደሙ ሲታይ ወባ ወይ ተስቦ ነው የሚገኝበት። ዛሬም አላምንም። እመኑኝ፣ የማላምነውን ነገር ነው የምነግራችሁ፣ ግን ሆኗል፣ እኔም እዚያው ቆሜ ነበር። ደክሞሽ ነው፣ ሕልም ነው፣ የተራራው ከፍታ አዙሮሽ ነው ያለኝን ሁሉ «አንተ እዚያ ነበርክ?» እያልኩ አፉን አስይዤዋለሁ።

ሚሌኒየሙ ከተከበረ በኋላ በነበረው ዓመት ነው፣ መስከረም ሊያልቅ ሲል። ባለቤቴ ዳዊት መካኒክ ነው፣ የሞተች ላንድሮቨር በርካሽ ገዝቶ፣ ፈታትቶ ገጣጥሞ ነፍስ ዘራባትና «ይቺ መኪና ስሜንንም ባሌንም ሳታይ አትሸጥም» ብሎ ማለ። የዓመት ፈቃዴን ወሰድኩ፣ አስጎብኚ ከሆነ ጓደኛው ድንኳን ተዋስን፣ ቡታጋዝ፣ መኮሮኒ፣ ብርድ ልብስ ጭነን ከአዲስ አበባ ወጣን። አማቴ «ሆቴል ሞልቶ ሜዳ ላይ የሚያድር ሰው ምን ዓይነት ነው?» ብለው አለቀሱ፣ እኛ ግን በጄ አላልንም።

ስሜን ላይ ሳንቃበር አደርን፣ ግጭ አደርን፣ ጭነቅ አደርን፣ ጠዋት ጠዋት ድንኳኑን ስንከፍት ጭላዳዎቹ ደጃችን ላይ ሣር ይነጫሉ፣ ማታ ጅብ ይጮሃል፣ ጠባቂያችን ጠመንጃውን ታቅፎ ያንኮራፋል። የገደሉ አፋፍ ከእግራችን በታች ነበር፣ መፍራት ካለብኝ እንግዲህ እዚያ ነበር፣ አልፈራሁም። የሆነው የሆነው ከተራራው ከወረድን በኋላ ነው፣ ያውም ለጥ ባለ ሜዳ ላይ፣ ከአስፋልት ብዙም ሳንርቅ።

ወረታ ስንደርስ ከሰዓት ነበር፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ገዛን፣ ሻይ ጠጣን። ሐሳባችን በማግስቱ ወንዛዬ ፍል ውሃ ገብተን የስሜንን ብርድ ከአጥንታችን ማስወጣት ነበር። ዳዊት ግን ሜዳውን ሲያየው ልቡ ተነሣ፣ «እዚህ አንድ ሌሊት ሳላድርማ አላልፍም» አለ፣ እኔም አልተቃወምኩም፣ ሩዙ ለምልሞ፣ ሰማዩ ታጥቦ፣ ደስ ይል ነበር። ወደ ጣና በኩል በምትወስድ ጥርጊያ መንገድ ገብተን ከፍ ያለች ቦታ ላይ ካለች ቤት ደረስን፣ ባለቤቱ አያ ታከለ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ ከሚስታቸው ከእትዬ ጥሩሰው ጋር ነው የሚኖሩት።

«የእግዜር እንግዳ ደጅ አያድርም፣ ግቡ» አሉን።

«አባባ፣ እኛኮ የመጣነው ለዚሁ ነው» ብሎ ዳዊት ድንኳኑን አሳያቸው።

ሽማግሌው ከት ብለው ሳቁ። «ቤት ጠልቶ ጨርቅ ውስጥ! ይሁና፣ እንደወደዳችሁ፣ ብቻ ሩዜን እንዳትረግጡብኝ» ብለው ከማሳው በታች ያለውን ሣር አሳዩን። ከሣሩ ወዲያ ውሃ ነው፣ ክረምት ሜዳው ላይ የሚተኛው ውሃ ገና አልሸሸም፣ ዳር ዳሩ ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ይመስላል፣ መሀሉን ግን እግዜር ይወቀው።

ጀምበሯ ጠልቃለች፣ ብርሃኑ ግን አልሄደም፣ የሰው ፊት ከሩቅ ይለያል፣ ይህን ልብ በሉልኝ፣ ጨለማ አልነበረም። እኔ ውጭ መኮሮኒ እያበሰልኩ፣ ዳዊት ድንኳኑ ውስጥ ጋደም ብሎ ነበር። መጀመሪያ የሰማሁት ሣር ሲጋጥ ነው፣ ከብት በምላሱ ጠቅልሎ ሲነጭ የሚሰማው ያ ድምፅ፣ ዞር ብዬ አየሁ፣ ምንም የለም። ቀጥሎ ቃጭል ሰማሁ፣ ቀጥሎ ኮቴ ከጭቃ ሲነቀል፣ እሱም የአንድ ከብት አይደለም፣ የብዙ። ነፋስ ነው አልኩ፣ ነፋስ እንዳልል የቡታጋዙ እሳት ቀጥ ብሎ ነው የሚነደው።

ከዚያ እያየሁት የድንኳኑ ጎን ወደ ውስጥ ገባ። የሆነ ከባድ ነገር በጎኑ እንደተሻሸበት ሁሉ ተለጠጠ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ በወዲያኛው በኩል ገባ።

ዳዊት ከውስጥ እየሳቀ «ኧረ መልሻቸው! ድንኳኑን ሊጥሉት ነው!» አለ።

«እነማንን?»

«ከብቶቹን ነዋ! ቀንዳቸው በጨርቁ ይታየኛልኮ!»

እኔ ውጭ ነኝ፣ ፊቴ ያለው ባዶ ሜዳ ነው። ግን በግራ በቀኜ ትንፋሽ ያልፋል፣ የበረትና የወተት ሽታ አፍንጫዬን ሞላው፣ አንዱማ እጄን በሙቅ ትንፋሹ እፍ ብሎኝ ሄደ፣ ማማሰያውን ጣልኩት። አሁን እዚህ ላይ ጮኸች፣ ሮጠች ትሉ ይሆናል፣ አልሮጥኩም፣ ተናደድኩ። የማይታይ ነገር ሲያልፈኝ የተሰማኝ ንዴት ነው።

ወዲያው የእረኛው ድምፅ መጣ። የሽማግሌ ድምፅ ነው፣ አይቸኩልም፣ ከብቱን በየስሙ ይጠራል፣ «ነይ ዳልቻ… ና ቦራ… ና ወይኖ…» ይላል፣ እየጠራም ከድንኳኑ ጀርባ ወደ ውሃው ያልፋል። ያ ድምፅ ሳይለወጥ፣ ከፍም ዝቅም ሳይል፣ ልክ በሬውን በጠራበት አጠራር፣

«ና ዳዊት» አለ።

ዳዊት ከውስጥ «አቤት!» አለ።

ዚፑን ከፍቶ በባዶ እግሩ ወጣ፣ አጠገቡ ቆሜ እንደ ግንድ ቆጥሮ አለፈኝ። «ዳዊት! የት ነው?» ብል ዘወርም አላለ፣ ሣሩን ጨርሶ ውሃው ውስጥ ገባ፣ እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ጭኑ፣ ይሄዳል። ዳዊት ዋና እንደማይችል እኔ አውቃለሁ። ከኋላው ገብቼ ቀበቶውን ያዝኩ። አልታገለኝም፣ አልገፈተረኝም፣ እንደ ተጠመደ በሬ ዝም ብሎ ይስባል፣ እኔም እየተጎተትኩ ነው፣ ጭቃው እግሬን ይውጣል፣ ውሃው ወገቤ ደረሰ። ድምፁ ከፊታችን «ና ወይኖ… ና ዳዊት…» ይላል። ያኔ ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ጮህኩበት።

«ማንም ሁን ማን፣ ከብትህን ንዳ! ይሄ ሰው ነው! ባለቤት አለው! አልሰጥህም!»

ሁሉም ነገር ቆመ። ቃጭሉ፣ ኮቴው፣ ትንፋሹ፣ ባንድ ጊዜ ጸጥ። እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም፣ አንድ ሙሉ መንጋ ቀና ብሎ ሲያየኝ ተሰማኝ። እኔም ያቀረቀርኩ እንዳይመስላችሁ፣ ቀበቶውን በሁለት እጄ እንደያዝኩ ባዶውን ሜዳ አፍጥጬ አየሁት። ቆይቶ ቃጭሉ አንዴ ጮኸ፣ ኮቴው ቀጠለ፣ በውሃው ላይ ሄደ፣ ውሃው ግን አንዴም ቦጭ አላለም።

ዳዊት እዚያው ውሃው ውስጥ ዘጭ ብሎ «በረደኝ» አለ።

ደግፌ አውጥቼ ወደ ቤቱ ወሰድኩት፣ እሳት አነደዱልን፣ ጋቢ አለበሱት። ለአያ ታከለ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፣ ምን ይሉኛል ብዬ እንደነበር አላውቅም፣ ብቻ ሳቁብኝ።

«የምን ከብት ልጄ? ውሃው እስኪሸሽ ያገሩ ከብት ደጋ ነው፣ እዚህ አንድ ጥጃ አታገኚም። መንገዱ አድክሟችሁ ነው።»

እዩልኝ እንግዲህ! ከተሜዋ እኔ ከብት ሰማሁ እያልኩ የምከራከር፣ የገጠሩ ሽማግሌ ደክሞሽ ነው የሚሉኝ። «አባባ፣ እርስዎ አልነበሩም» አልኳቸው፣ በአክብሮት፣ ግን አልኳቸው።

እትዬ ጥሩሰው ግን አልሳቁም። እሳቱን እየቆሰቆሱ ቆዩና ሽማግሌው ወጣ ሲሉ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሲጠራው አቤት ብሏል?» አሉኝ።

«ብሏል።»

እንጨቱን እሳቱ ውስጥ ጣሉት። ብለምናቸው ብወተውታቸው «እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ ተይው» ብቻ ሆነ መልሳቸው።

ጠዋት ድንኳኑን ልነቅል ወረድኩ። ጭቃው ላይ ያለው የእኔና የዳዊት እግር ብቻ ነው፣ ኮቴ የሚባል የለም። የድንኳኑ ጎን ላይ ግን፣ ከወገብ ከፍ ብሎ፣ አጫጭር ቀይ ፀጉር ተለጥፎበታል። በወረቀት ጠቅልዬ ይዤው ሄድኩ፣ ኋላ ሥራ ስገባ ማይክሮስኮፕ ስር አደረግሁት፣ የከብት ፀጉር ነው። ሌላ ምንም አይደለም፣ ተራ የከብት ፀጉር። ድንኳኑ የተዋስነው ነው፣ ከዚያ በፊት የት እንደተተከለ ማን ያውቃል ልትሉኝ ትችላላችሁ፣ በሉ፣ እኔም ብያለሁ።

ዳዊት አንድም ነገር አያስታውስም፣ መኮሮኒው እስኪበስል ተኝቼ በረደኝና ነቃሁ ነው የሚለው። «በቃ ወደ ቤት እንመለስ» አለ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ወንዛዬ ገብተን ታጠብን፣ አዲስ አበባን አቋርጠን ባሌ ወጣን፣ ሳነቴ ላይ በዚያ ውርጭ ድንኳናችንን ተከልን፣ እኔው በእጄ ካስማውን መታሁት። አንድ ማንነቱ የማይታወቅ እረኛ ከመንገዴ አያስቀረኝም።

ግን አንድ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ዳዊት ድሮ ስጠራው «ወዬ» ይለኝ ነበር፣ ከመኪና ሥር ተኝቶም ቢሆን፣ ራሱን እያጠበም ቢሆን። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ይኸው ስንት ዓመት፣ ስሙን ስጠራ መልሶልኝ አያውቅም። ጆሮው ደህና ነው፣ አስመርምሬዋለሁ። ይሰማል፣ የያዘውን ያስቀምጣል፣ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ይመጣና ፊቴ ዝም ብሎ ይቆማል። ለምን አትመልስም ስለው «መልሻለሁኮ» ይላል።

ይሁን። ሳይመልስም ቢሆን የሚመጣው ወደ እኔ ነው።